ከቧንቧ የመጣው ፎስፌት፦ የአንድ ትንሽ የኮራል አኳሪየም የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

የኮራል አኳሪየም ሲታመም ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ገንዳው ውስጥ ነው። ዓሣ በዝቶ ይሆን? መብራቱ በርትቶ ይሆን? ማጣሪያው ደክሞ ይሆን? እንላለን። እዚህ የማቀርበው ጉዳይ ግን መነሻው ከገንዳው ውጭ ነበር። በየማለዳው በጆግ ይገባ ነበር። ለማዳን ተብሎ የተሰጠው ፈጣን መድኃኒት ደግሞ ከበሽታው ብሶ ጎዳው።

ሁለቱም ነገሮች በትናንሽ አኳሪየሞች ላይ ደጋግመው ያጋጥማሉ። ስለዚህ በአማርኛ በዝርዝር ተጽፈው ቢገኙ ሰው ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል፤ ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ የተጠራሁት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን የወሰድኩት ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምራ ከያዘችው ደብተር ነው።

ቤቱና ገንዳው

ቤተሰቡ የሚኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ማዶ፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ አፓርታማ ላይ ነው። አባት፣ እናት፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም ልጅና የልጅ ልጅ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አያት አሉ። አኳሪየሙ የልጅቷ ነው። አባትየው ልጅነቱን አሰብ ስላሳለፈ የባሕር ነገር ይወዳል። ዕቃውን የገዛላት እሱ ነው።

ገንዳው 75 ሊትር ይይዛል። ዐለትና አሸዋው ቦታ ስለሚወስዱ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ 65 ሊትር ነው። ጥንድ ክላውንፊሽ፣ አንድ ሽሪምፕና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይኖሩበታል። ከኮራል ደግሞ መሽሩም፣ ዞአንተስና ሃመር የሚባሉት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለስላሳ ናቸው፤ ብዙ ይችላሉ። ሃመር ግን ከውሃው ካልሲየም እየወሰደ የድንጋይ አጽም የሚሠራ ነው። ውሃው ሲዛባ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

አጀማመሩ የሚመሰገን ነበር። ልጅቷ ገንዳውን ሐምሌ ላይ በጨው ውሃና በዐለት ሞላች። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ታግሳ ጠበቀች። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆናቸውን ሳታይ ዓሣ አላስገባችም። በየሳምንቱ 10 በመቶውን ውሃ ትቀይራለች። ለዚህም ከሱቅ የተገዛ በአር-ኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና በሬዚን (የቀረውን የሟሟ ነገር በሚይዝ ጥራጥሬ) የተጣራ ውሃ ትጠቀማለች።

ትንሽ ገንዳ ከትልቅ ገንዳ ይከብዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ስሕተትን የሚያቀጥን ነገር የለም። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ከ65 ሊትር ላይ 2 ሊትር ቢተን 35 የነበረው ጨዋማነት (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው) ከ36 ያልፋል። ክረምት ላይ የአፓርታማው ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ይህ ገንዳ በቀን 1 ሊትር ያህል ይጎድልበት ነበር። የጎደለውን በየቀኑ መሙላት ግዴታ ነው። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ እንዴት ታየ

ኅዳር መጨረሻ ላይ ዐለቱን ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ሸፈነው። ልጅቷ እየነቀለች ብታወጣውም በሳምንቱ ይመለሳል። ሃመሩ ቀን ላይ እንደ ድሮው መዘርጋት አቆመ። ፎስፌቱን ስትለካው በሊትር 0.6 ሚሊግራም አገኘች። ናይትሬቱ 20 ነበር። እንዲህ ላለ ገንዳ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1፣ ናይትሬት ደግሞ ከ2 እስከ 10 ቢሆን ደኅና ነው። ከፍተኛ ፎስፌት አልጌን ከመመገብ አልፎ የድንጋይ ኮራሎችን አጽም ግንባታ ያደናቅፋል።

ልጅቷ ግራ ገባት። የምትቀይረው ውሃ ንጹሕ ነው። ዓሣዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ከየት ይመጣል?

በዚህ መሃል ገና ደረሰ። ቤቱ በእንግዳ ሞላ፣ ብርድ ስለሆነ መስኮት ሁሉ ተዘጋ። ማታ ላይ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ጨመረ ማለት ነው) ከ8.1 ወደ 7.7 ወርዶ አየችው። ደነገጠች። በማግስቱ ፒኤች ከፍ የሚያደርግ ዱቄት ጨመረች፤ በሁለተኛውም ቀን ደገመች። ፒኤቹ ትንሽ ወጣ ብሎ ተመለሰ። አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ግን በሁለት ቀን ከ8 ወደ 11 ዘለለ። ሃመሩ ጭራሽ ተኮማተረ።

ያ የፒኤች መውረድ የውሃ በሽታ አልነበረም። ብዙ ሰው በተዘጋ ቤት ሲተነፍስ በአየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል። ውሃው ያንን ይወስዳል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ የገንዳውን ውሃ በረንዳ ላይ አውጥቶ በትንሽ የአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ያህል ማናፈስና እንደገና መለካት ነው። ውጭ ላይ ፒኤቹ ከፍ ካለ ጥፋቱ የቤቱ አየር ነው። መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ነው። በኋላ አብረን ስንሞክረው እንዲሁ ሆነ።

ፈጣኑ መድኃኒት

ከገና በኋላ ልጅቷ ፎስፌት የሚመጥጥ የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ገዛች። በሰፊው ጂኤፍኦ ይሉታል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ኃይለኛ ነው። ፓኬቱ የተዘጋጀው ለትልቅ ገንዳ ነበር፤ እሷ ሙሉውን በከረጢት አድርጋ አስገባችው። በዚያው ሳምንት ደግሞ በተከታታይ ብዙ ብዙ ውሃ ቀየረች።

ፎስፌቱ በጥቂት ቀን ውስጥ 0.00 ሆነ። ናይትሬቱም ከ2 በታች ወረደ። አልጌው ነጣ። ቤተሰቡ ተደሰተ።

ደስታው አልቆየም። በአሸዋውና በዐለቱ ላይ ቡናማ፣ ዝልግልግ ያለ፣ የአየር አረፋ የቋጠረ ነገር ተዘረጋ። ጠዋት ቀለል ይላል፣ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲበረታ ይወፍራል። ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ይወድቁ ጀመር። ሁለቱ ሞቱ። ዞአንተሶቹ ተዘጉ። ሃመሩ ከሦስቱ ራሶቹ የአንደኛው ሥጋ ከአጽሙ ተላቀቀ። አባትየው የደወለልኝ ያኔ ነው።

ምርመራው

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ማንኛውንም መድኃኒት እንዲያቆሙ ነው። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቀን ለካን።

ጨዋማነቱ አስገረመን። ልጅቷ የምትጠቀመው ባለ ክንዱን የፕላስቲክ የጨዋማነት መለኪያ፣ ሃይድሮሜትር የሚባለውን፣ ነው። እሱ ትክክል ነው ሲል የእኔ ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) 38 አነበበ። ክንዱ ላይ ጨው ጋግሮበት ከብዶ ነበር፤ ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ያነባል። አባትየው «ቀይ ባሕርም እኮ ጨዋማ ነው፣ ምን ይላቸዋል?» አለ። እውነት አለው፤ የቀይ ባሕር ጨዋማነት 40 ገደማ ነው። ግን እዚያ ያሉት ኮራሎች ከዘመናት ጀምሮ የለመዱት ነው። እነዚህ ያደጉት በ35 ነው።

ቡናማው ነገር ምን እንደሆነ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ልጅቷ ጥቂቱን በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ትምህርት ቤቷ የባዮሎጂ ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ አየችው። በስልኳ ቀርጻ ላከችልኝ። አንድ ጫፋቸው የሾለ ሞላላ ሕዋሶች ናቸው። በገመድ የታሰረች ፍየል ካስማዋን እንደምትዞር ሁሉ፣ በሾለው ጫፋቸው ተይዘው ይዞራሉ። ይህ ኦስትሪዮፕሲስ የሚባለው ዳይኖፍላጄሌት (ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ፍጡር፣ በአጭሩ ዳይኖ) መለያው ነው። መርዝ ያመነጫል። ቀንድ አውጣዎቹ የሞቱት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፎስፌትና ናይትሬት ወደ ዜሮ ሲጠጉ ሌላው አልጌና ባክቴሪያው ምግብ አጥቶ ይደክማል፤ ይህ ደግሞ የተለቀቀውን ቦታ ይይዛል።

አሁን የቀረው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ያ 0.6 ከየት መጣ? «ገንዳው ሲጎድል ማን ይሞላዋል?» አልኩ። «እኔ ነኛ» አለ አባትየው። ልጅቷ ማለዳ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ እሱ ከሥራ በፊት ይሞላል። በምን? ፍሪጅ ውስጥ ባለው የማጣሪያ ጆግ። «የተጣራ ነው እኮ፣ እኛም የምንጠጣው እሱን ነው።»

የቧንቧውን ውሃና የጆጉን ውሃ ጎን ለጎን ለካን። የፎስፌት መለኪያ ኪቱ ከፍ ያለ መጠን ስለማያነብ አንድ እጁን ውሃ በ9 እጅ ንጹሕ ውሃ አቅጥነን ነው የለካነው። ሁለቱም በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ ፎስፌት ነበራቸው። ጆጉ ለውጥ አላመጣም።

ፎስፌት ቧንቧ ውስጥ ምን ይሠራል?

ውሃው ጥፋት የለበትም። ለሰው ደኅና ነው። ፎስፌቱ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው።

በ2000 የዋሽንግተን አካባቢ ውሃ ማከሚያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ተቀየረ። ከዚያ በኋላ በከተማው ካሉት አሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውሃው መግባቱ ታወቀ፤ ትልቅ የጤና ጉዳይ ሆነ። ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመራል። እሱ በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራና እርሳሱን ይይዘዋል። አርሊንግተንም ውሃ የሚያገኘው ከዚያው ማጣሪያ ነው። ሕፃናትን ከእርሳስ የሚጠብቀው ነገር ነው እንግዲህ ኮራሉን ያስቸገረው።

የጆግ ማጣሪያ ዋናው ሥራው በካርቦን የክሎሪንን ጣዕምና ሽታ መቀነስ ነው። ፎስፌትን አይይዝም።

ስሌቱን ከልጅቷ ጋር ሠራነው። በቀን 1 ሊትር ሲጨመር 2 ሚሊግራም ፎስፌት ይገባል። ያ በ65 ሊትር ሲካፈል በቀን 0.03 ነው። በሳምንት ከ0.2 ይበልጣል። በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ ሲቀየር ደግሞ፣ ፎስፌቱ 0.6 ቢሆን፣ የሚወጣው 0.06 ብቻ ነው። ገቢው ከወጪው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የቀረውን አልጌው ይበላዋል፣ ዐለቱ ደግሞ ይመጥጠዋል። ልጅቷ በየሳምንቱ ያን ሁሉ ልፋት ለፍታ ለምን እንዳልቻለች ቁጥሩ ነገራት።

ሌላም ነገር ወጣ። አያትየዋ ቀን ላይ ብቻቸውን ቤት ስለሚውሉ ዓሣዎቹን ይመግቡ ነበር። ልጅቷ ጠዋት ታበላለች፣ እሳቸው ደግሞ ቀን ላይ። «ወደ መስታወቱ እየመጡ ያዩኛል። ፆማቸውን ይዋሉ እንዴ?» አሉ። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል። የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል፣ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ጂኤፍኦውን አወጣን። ልጅቷ ፎስፌት ይመለሳል ብላ ፈራች። መመለሱን ነበር የምንፈልገው። ዐለት ፎስፌት ሲበዛ ይመጥጣል፣ ውሃው ሲሳሳ መልሶ ይለቃል። ስለዚህ ከውጭ ምንም ሳንጨምር ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ 0.1 ወጣ፣ ቆይቶ 0.2 ደረሰ።

ጨዋማነቱን በቀን 1 ሊትር የገንዳ ውሃ እያወጣን በንጹሕ ውሃ እየተካን ዝቅ አደረግነው። በ5 ቀን 35 ሆነ። በአንድ ቀን ማውረድ ይቻል ነበር፤ ግን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም። አልካሊኒቲውን አልነካነውም። በተለመደው የውሃ ቅያሪ በራሱ ወደ 8.5 ወረደ።

ለዳይኖው ሦስት ቀን መብራት አጠፋን፣ ገንዳውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው። ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ከአሸዋው ተነሥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ተውሰን ውሃው በእሱ ውስጥ እንዲያልፍ አደረግን። አሸዋው ላይ የቀረውን ልጅቷ በቀጭን ቱቦ መጠጠችው። ያን ስትሠራ ጓንትና መነጽር አድርጋ ነበር። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ ዞአንተስና አንዳንድ ዳይኖዎች ለሰውም አደገኛ መርዝ አላቸው። ዞአንተስ ያለበትን ዐለት በፈላ ውሃ መቀቀል በጭራሽ አይገባም፤ እንፋሎቱ ራሱ ቤተሰብ ሊመርዝ ይችላል።

ለመሙያው ውሃ አባትየው ወጥ ቤት ስር የአር-ኦ ማጣሪያ ገጠመ። ደለል የሚይዝ፣ ካርቦን፣ ሜምብሬን (ስሱ ሽፋን)፣ መጨረሻ ላይ ሬዚን ያለው ነው። ካርቦኑን ለክሎራሚን የተሠራውን መረጥን። ክሎራሚን ከክሎሪን ይልቅ ለመስበር ይከብዳል፤ ሲሰበርም አሞኒያ ይተዋል፤ ሜምብሬኑ ያሳለፈውን አሞኒያ የሚይዘው ሬዚኑ ነው። የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር (በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርን በሚለካ መሣሪያ) 0 መነበብ አለበት። 1 ወይም 2 ማለት ሲጀምር ሬዚኑ ይቀየራል። ከማጣሪያው የሚወገደው ውሃ ብዙ ስለሆነ እናትየው ለወለልና ለአበባ ትጠቀምበታለች።

ውሃውን የሚሞላው አሁን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። ተንሳፋፊ ስዊች አለው። ማጠራቀሚያውን 8 ሊትር ብቻ እንዲሆን ነገርኳቸው። አባትየው ትልቅ በርሜል ፈልጎ ነበር፣ በየጊዜው ከመሙላት ለመገላገል።

የአያትየዋ ነገር ከሁሉ የቀለለው ነው። ልጅቷ የሳምንት ኪኒን የሚቀመጥበትን ባለ ሰባት ክፍል ሣጥን ገዛች። በየክፍሉ የቀኑን ምግብ እየመጠነች ሰጠቻቸው። የመመገቡ ሥራ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ሆነ። እሷ ተወችው። «እማማ፣ የዛሬውን ብቻ» ትላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተዛባም።

የሠራውና ያልሠራው

የመብራት ማጥፋቱ ብቻውን አልሠራም። መብራቱ በተመለሰ በሳምንቱ ቡናማው ነገር እንደገና ታየ። የጠፋው ፎስፌቱ 0.1 ገደማ፣ ናይትሬቱ 5 ሆነው ከቆዩና አልትራቫዮሌቱ ሌት ተቀን ከሠራ በኋላ ነው። አረንጓዴ አልጌ በመስታወቱ ላይ ሲመለስ ልጅቷ አዘነች፤ እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ቦታውን ትክክለኛው ነገር እየያዘው ነበር።

ፀጉራማው አልጌ በውሃ ጥራት ብቻ አልሄደም። ዐለቱ ያጠራቀመውን ፎስፌት ለወራት ስለሚለቅ አልጌው የሚበላው አላጣም። ልጅቷ በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ነበረባት፣ አዲስ ቀንድ አውጣዎችም ገቡ። ጂኤፍኦውንም መልሰን አስገባን፤ በዚህ ጊዜ ግን በሻይ ማንኪያ ነው። በየሳምንቱ እየለካን ነው የጨመርነው።

ፓምፑ አንዴ አስደነገጠን። ቀንድ አውጣ ተንሳፋፊው ላይ ወጥታ ተኛችና ስዊቹ ዝቅ እንዳለ ቀረ። ፓምፑ የቀረውን 5 ሊትር በሙሉ ገንዳው ውስጥ ጨመረው። ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 32.5 ወረደ። ማንም አልሞተም። በርሜል ቢሆን ኖሮ ወለሉም ዓሣውም አይተርፉም ነበር። አሁን ስዊቹ በፕላስቲክ ወንፊት ተከልሏል።

ፋሲካ ላይ ፎስፌቱ 0.08፣ ናይትሬቱ 8፣ አልካሊኒቲው 8.3 ነበር። ሃመሩ ሁለቱ ራሶቹ ተርፈዋል። የሞተው ራስ አልተመለሰም።

ለሌላ ገንዳ የሚያገለግለው

ውሃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚገባውን ሁሉ መቁጠር ይጠቅማል። የቅያሪው ውሃ፣ የመሙያው ውሃ፣ ጨው፣ ምግብ፣ የቤቱ አየር። በዚህ ቤት ልጅቷ የምታስገባው ሁሉ ንጹሕ ነበር። ችግሩ የነበረው ሌላ ሰው በፍቅር ሲያደርገው በነበረው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለባለ ገንዳው ብቻ ማቅረብ አይበቃም። ቤተሰቡን ሁሉ ማነጋገር ያስፈልጋል፣ ማንንም ሳይወቅሱ።

ሁለተኛው የፍጥነት ነገር ነው። 0.6 ፎስፌት መጥፎ ነበር፤ ኮራሎቹ ግን በሕይወት ነበሩ። ክፉኛ የጎዳቸው ከ0.6 ወደ ዜሮ፣ ከአልካሊኒቲ 8 ወደ 11 የተደረገው ዝላይ ነው። በወራት የተጠራቀመን ነገር በወራት ማውረድ ይሻላል። ዜሮም ግብ አይደለም፤ ኮራልም ምግብ ይፈልጋል።

የመለኪያ መሣሪያም ይለካል። ሃይድሮሜትሩን በሞቀ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ሪፍራክቶሜትሩን በ35 ማስተካከያ ፈሳሽ በየወሩ ማረም ትንሽ ሥራ ነው። አስደንጋጭ ቁጥር ስታዩ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት በሌላ መሣሪያ ድገሙት።

ዲሲና አካባቢው ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በየዓመቱ ጸደይ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ማከሚያው ወደ ክሎሪን ይመለሳል፣ ቧንቧዎቹን ለማጠብ። በእነዚያ ሳምንታትም ውሃውን እንደተለመደው ማጣራት አይቋረጥም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ የቧንቧችሁ ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው፤ ግን ወደ ቤት ሲመጣ በቧንቧና በጣሪያ ታንከር ውስጥ ያልፋል። አዲስ አበባም ቢሆን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው አንድ ዓይነት ውሃ አይደለም። የትም ብትሆኑ ከቧንቧው ፎስፌትን፣ ናይትሬትንና መዳብን ለኩ። መዳብ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ በጣም በጥቂቱም ገዳይ ነው፤ ዐለትና አሸዋ ውስጥ አንዴ ከገባ ደግሞ ማውጣቱ ከፎስፌት በብዙ ይከብዳል።